አንጥረኛና ንጥረ ነገር

ባሕር ዳር፣ ጥቅምት 12

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፣

ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሻል? እኛ ካንቺ ናፍቆት በስተቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ክረምቱ ወጥቶ ጣና እስከ ዳርቻው ሞልቷል፤ ጠዋት ሱቅ ስከፍት ጉሙ ከሐይቁ ላይ ገና አይነሣም። እናትሽ በርበሬና ሽሮ አዘጋጅታልሻለች፤ ይህን ደብዳቤ የሚያመጣልሽ ሰው ያደርስልሻል። አክስትሽን ሳሚልኝ።

ባለፈው እሑድ በስልክ «አባዬ፣ 118 የንጥረ ነገር ስም ከነቁጥሩ በቃሌ ልይዝ አልችልም፤ ኬሚስትሪ የሚባል ነገር አልወድም» ስትዪኝ ዝም ማለቴን እንደ ቁጣ አትቁጠሪው። በስልክ የሚያልቅ ነገር ስላልሆነብኝ ነው። ትተሽው የሄድሽውን የ9ኛ ክፍል መጽሐፍ ከመደርደሪያው አውርጄ ሦስት ማታ አነበብሁት። እኔም በጊዜዬ ኬሚስትሪ እወድ ነበር፤ አያትሽ ዓይናቸው ደክሞ ሱቁን ባልረከብ ኖሮ ምናልባት... ይቅር። የማውቀው ወርቅና ብር ነው፤ የምጽፍልሽም በዚያው በኩል ነው።

ከቃሉ ልጀምር። መጽሐፍሽ «ንጥረ ነገር» የሚለውን ቃል ጠቅሶት ብቻ ያልፋል። ቃሉ ግን ከእኛ ቤት የወጣ ነው። ነጠረ፣ አነጠረ፣ አንጥረኛ። እናትሽም ቅቤ ስታነጥር የምትጠቀመው ያንኑ ግሥ ነው። ማንጠር ማለት በእሳት አቅልጦ ባዕዱን ነገር መለየት ነው። ለይተሽ ለይተሽ፣ ከዚያ ወዲያ በእሳትም በአሲድም ቢሉት ወደ ሌላ ነገር የማይከፈል ሲቀር፣ እሱ ንጥረ ነገር ነው። ቅቤ ግን ቢነጠርም ንጥረ ነገር አይሆንም፤ ካርቦን፣ ሃይድሮጅንና ኦክስጅን ተያይዘው የሠሩት ነው። ይህን ለእናትሽ ስነግራት «እንኳንም ተያያዙ» አለች። አያትሽ አንጥረኛ በመሆናቸው በልጅነታቸው ሰው በጎሪጥ ያያቸው እንደነበር ታውቂያለሽ። የሳይንስ መጽሐፍ ከዚያ ከተናቀ ሙያ ቃል መዋሱን ቢያዩ ደስ ባላቸው ነበር።

ባለፈው ሳምንት አንዲት የዘጌ እናት የአያታቸውን ጠገራ ብር ይዘው መጡ፤ ለልጅ ልጃቸው ክርስትና መስቀል እንዲሠራላቸው። ጠገራውን አይተሽዋል፤ የማሪያ ቴሬዛ ምስል ያለበት፣ መቼም ይታተም መቼ 1780 የሚል ዓመት የተጻፈበት፣ 28 ግራም ገደማ የሚመዝነው። ሰው ሁሉ ንጹሕ ብር ይመስለዋል፤ ነገር ግን ከስድስት እጁ አምስቱ ብር፣ አንዱ መዳብ ነው። አቀለጥሁት፣ በመስፉ ላይ ቀጠቀጥሁት፣ እንደገና እስኪቀላ አሞቅሁት። ሲበርድ ጥላሸት የተቀባ መስሎ ጠቆረ። ሴትዮዋ ደነገጡ። «ይቆዩ እማማ» ብዬ በውኃ በቀጠነ አሲድ ውስጥ ከተትሁት። ጥቁሩ ሟሟ፣ አሲዱ ቀስ በቀስ ወደ ሰማያዊ ሄደ፣ ብሩ እንደ ወተት ነጥቶ ወጣ። ያ ሰማያዊ ቀለም ከላይኛው ገጽ ተለይቶ የሄደው መዳብ ነው። ያን ዕለት በዓይኔ ያየሁት የሁለት ንጥረ ነገሮችን መለያየት ነው፤ አንዱ ለአሲዱ እጁን ሰጠ፣ ሌላው አልሰጠም።

አሁን ንጥረ ነገሮቹ ሁሉ የተደረደሩበትን ሠንጠረዥ ግለጪና መዳብን፣ ብርንና ወርቅን ፈልጊ። አንዱ ከአንዱ ሥር በአንድ ዐምድ ተደርድረው ታገኛቸዋለሽ። የአያትሽ ሣጥን ሦስት መሳቢያ አለው፤ ከላይ መዳብ፣ ከመካከል ብር፣ ከታች ወርቅ። እሳቸው ወርቁን ከታች ያደረጉት ሌባ ፈርተው ነበር፤ ሠንጠረዡ ግን ሌላ ምክንያት አለው። ወደዚያ ለመድረስ ወደ አቶሙ፣ ማለት ወደ ንጥረ ነገሩ የመጨረሻ ትንሽ ቅንጣት፣ ውስጥ መግባት አለብን።

ማታ ሱቅ ከመዝጋቴ በፊት ጠረጴዛውን በብሩሽ ስጠርግ ታዪኝ ነበር። ከሞረድ የወደቀ የወርቅ ብናኝ አንድ ሚሊግራም ቢሆን እንኳ አይጣልም። በዚያች ሚሊግራም ውስጥ ያሉትን የወርቅ አቶሞች ቁጥር ለማወቅ 3 ብለሽ ከኋላው 18 ዜሮ ደርድሪ። ከእነዚህ አንዷን ነጥለሽ ብትሰነጥቂያት ግን በእጅሽ የሚቀረው ወርቅ አይደለም።

የአቶም ውስጥ የታወቀውም በወርቅ ነው፤ መጽሐፍሽ ይህን በሁለት መስመር ማለፉ አናዶኛል። እ.ኤ.አ. በ1897 ጄ. ጄ. ቶምሰን የሚባል ሳይንቲስት ኤሌክትሮን የምትባለውን ኔጋቲቭ ቅንጣት ካገኘ በኋላ አቶም እንደ ድፎ ዳቦ ታሰበ፤ ሊጡ ፖዘቲቭ፣ ኤሌክትሮኖቹ በሊጡ ውስጥ እንደተበተነ ጥቁር አዝሙድ። በ1909 ማንቸስተር ውስጥ፣ በኧርነስት ራዘርፎርድ ቤተ ሙከራ፣ ጋይገርና ማርስደን አልፋ የሚባሉ ፖዘቲቭ ቅንጣቶችን ወደ ሥሥ የወርቅ ቅጠል ወረወሩ። ለምን ወርቅ እንደመረጡ እኔን ጠይቂኝ፤ ከወርቅ የበለጠ ሳይቀደድ የሚሳሳ ነገር በመዶሻዬ ሥር አላለፈም። የእነሱ ቅጠል ውፍረቱ ከአንድ ሚሊሜትር አንድ ሺኛ በታች ነበር። አብዛኞቹ ቅንጣቶች ምንም እንዳልነካቸው አለፉ። ከብዙ ሺህ አንዱ ግን ዞሮ ወደ መጣበት ተመለሰ። ዳቦ ብቻ ቢሆን ኖሮ ማን ይመልሰዋል? ራዘርፎርድ በ1911 መልሱን ሰጠ፤ የአቶሙ ክብደት ከሞላ ጎደል ሁሉም በመሃሉ ባለች እጅግ ትንሽ እምብርት፣ በኒውክለሱ፣ ታጭቋል።

ትንሽ ስል ምን ያህል እንደሆነ ይግባሽ። የወርቅን ኒውክለስ አንዲት ሽንብራ አድርጊው። ሽንብራዋን ባሕር ዳር ስታዲየም ሜዳ መሃል አስቀምጪያት፤ አቶሙ ዙሪያዋን 150 ሜትር ገደማ ስፋት ይኖረዋል። ያን ሁሉ ቦታ የያዙት ኤሌክትሮኖች ናቸው፤ እያንዳንዳቸው ሽንብራዋ ውስጥ ካለ ከአንድ ፕሮቶን 1,836 ጊዜ ገደማ ይቀላሉ። መጽሐፍሽ ላይ እንደ ፕላኔት በክብ መንገድ ሲዞሩ ተሥለዋል። ሥዕሉ ለመቁጠር ይመቻል እንጂ መልካቸው እንዲያ አይደለም። ይልቅ የጠዋቱን የጣና ጉም አስቢ፤ አንድ ቦታ ይወፍራል፣ ሌላ ቦታ ይሳሳል፣ እዚህ ላይ አለቀ ብለሽ ግን መስመር አታሰምሪበትም።

ሽንብራዋ ውስጥ ደግሞ ሁለት ዓይነት ቅንጣት አለ፤ ፖዘቲቩ ፕሮቶንና ምንም ቻርጅ የሌለው፣ ጄምስ ቻድዊክ በ1932 ያገኘው ኒውትሮን። ከዚህ ሁሉ አንዲት ነገር ብቻ ያዢልኝ ብል የፕሮቶኑን ቁጥር ነው። 79 ፕሮቶን ያለው ሁሉ ወርቅ ነው፤ 78 ከሆነ ፕላቲነም፣ 80 ከሆነ ባዜቃ። በእኔ ሙያ ይህ የሚያስገርም ነው፤ ድሮ ወርቅ ለመለበጥ አንጥረኞች ያሟሙበት የነበረው፣ ጢሱም የሚመርዘው ያ ፈሳሽ ባዜቃ ከወርቅ የሚበልጠው በአንዲት ፕሮቶን ነው። ታዲያ ያቺን አንዲት ፕሮቶን አውጥተን ባዜቃውን ወርቅ ብናደርገውስ? ብዙ ሰው በዚህ ሐሳብ ዕድሜውን ጨርሷል። የእኔ እሳት ወርቅን የሚያቀልጠው በ1,064 ዲግሪ ነው፤ ነገር ግን እሳት ከኤሌክትሮኖቹ ጋር እንጂ ከሽንብራዋ ጋር ጉዳይ የለውም። በ1980 በአሜሪካ በርክሌይ ሳይንቲስቶች 83 ፕሮቶን ካለው ቢስመዝ ጥቂት የወርቅ አቶሞች ሠርተዋል፤ በወናፍ ሳይሆን በግዙፍ ማሽን፣ ወጪውም ከወርቁ ዋጋ ጋር የሚነጻጸር አልነበረም። ስለዚህ ሱቄን አልዘጋም።

ስም ላይ ብዙ አትጨነቂ የምልሽም ለዚህ ነው፤ ስም ያሳስታል። በቋንቋችን ብቻ ስንት ወጥመድ እንዳለ ተመልከቺ። የምትጽፊበት እርሳስ ውስጥ እርሳስ የለም፤ ካርቦን ነው፣ ቁጥሩም 6። እውነተኛው እርሳስ፣ 82 ፕሮቶን ያለው፣ ዓሣ አጥማጆቹ መረባቸው እንዲሰምጥ ጠርዙ ላይ የሚያስሩት ነው። የቤታችን ክዳን ቆርቆሮ ይባላል፤ ቆርቆሮ የሚባለው ንጥረ ነገር ቁጥሩ 50 ሲሆን ክዳናችን ግን ዝገት እንዳይበላው ዚንክ የተለበጠ ብረት ነው። ብረት ራሱ አንዴ የ26 ቁጥሩ ስም ይሆናል፣ አንዴ የብረታ ብረቱ ሁሉ። ኪሴ ውስጥ ያለው ብርም ወረቀት ነው። ቁጥሩ ግን እንዲህ አይጫወትብሽም።

«የብር ክብደት ለምን 107.87 ሆነ፤ ፕሮቶን ይቆረሳል ወይ?» ብለሽ ነበር። አይቆረስም። ብር ሁሉ 47 ፕሮቶን አለው። አንዱ ዓይነት ግን 60 ኒውትሮን ይይዛል፣ ሌላው 62፤ ክብደታቸውም 107 እና 109 ገደማ ይሆናል። እነዚህን አይሶቶፕ ይሏቸዋል። በተፈጥሮ ለግማሽ በተጠጋ ድርሻ ተቀላቅለው ይገኛሉ፣ የመጀመሪያው በትንሹ ይበልጣል፤ መጽሐፉ የጻፈው አማካያቸውን ነው። ወርቅ ግን በተፈጥሮ አንድ ዓይነት ብቻ ነው፤ 79 ፕሮቶንና 118 ኒውትሮን። ይህ 118 ከንጥረ ነገሮቹ ብዛት ጋር መግጠሙ አጋጣሚ ነው፤ ፈተና ላይ ምሥጢር እንዳታደርጊው።

አሁን ወደ ሣጥኑ መሳቢያዎች እንመለስ። ሠንጠረዡ በፕሮቶን ቁጥር ከ1 እስከ 118 እንደ ጽሑፍ ከግራ ወደ ቀኝ ይሄዳል፤ ረድፍ ሲያልቅ ወደሚቀጥለው ይወርዳል። የረድፎቹ ርዝመት እኩል አይደለም፤ 2፣ 8፣ 8፣ 18፣ 18፣ 32፣ 32። ደምሪያቸው፣ 118 ይመጣል። ከታች ለብቻቸው የተቀመጡት ሁለት ረድፎች ወረቀቱ እንዳይሰፋ ወጥተው እንጂ ቦታቸው በስድስተኛውና በሰባተኛው ረድፍ ውስጥ ነው። ርዝመቱን የወሰኑት ኤሌክትሮኖቹ ናቸው፤ በኒውክለሱ ዙሪያ በድርብርብ ይሰፍራሉ፣ ድርቡም መጠን አለው። አዲስ ድርብ በተጀመረ ቁጥር አዲስ ረድፍ ይጀመራል። በአንድ ዐምድ የተደረደሩት ደግሞ በውጪኛው ድርብ ያላቸው ይመሳሰላል።

እስኪ በእኔ ጠረጴዛ እንሞክረው። መዳብ 29 ነው፤ ድርቦቹ 2፣ 8፣ 18፣ 1። በ29 ላይ 18 ስትጨምሪ 47 ይሆናል፤ ብር። 2፣ 8፣ 18፣ 18፣ 1። በ47 ላይ 32 ስትጨምሪ 79፤ ወርቅ። 2፣ 8፣ 18፣ 32፣ 18፣ 1። ሦስቱም ከውጭ አንዲት ኤሌክትሮን፣ ከሥሯ 18። ይህን ማታ በእርሳስ (በካርቦን!) ስደምር እናትሽ «ሒሳብ ጎደለብህ እንዴ?» አለችኝ። እንዲያውም ሞላልኝ። ሌላ 32 ጨምሬ 111 ላይ ደረስሁ፤ ሮንትጂኒየም የሚባል፣ በ1994 በጀርመን በቤተ ሙከራ የተሠራ፣ በአቶም ተቆጥሮ የተገኘ፣ ወዲያው የሚፈርስ። ከወርቁ መሳቢያ በታች አራተኛ መሳቢያ አለ ማለት ነው፤ ማንም አንጥረኛ ግን አይከፍተውም።

እዚህ ላይ ከመጽሐፍሽ ጋር ልከራከር። «በአንድ ዐምድ ያሉ ተመሳሳይ ባሕርይ አላቸው» ይላል። ግማሽ እውነት ነው። መዳብ ከርሞ ይጠቁራል፣ ይሻግታል። ብር አየሩ ውስጥ ያለ ድኝ ካገኘው ይጠቁራል። ወርቅ ምንም አይሆን። ሦስቱም በመዶሻ ይሳሳሉ፣ ሙቀትና ኤሌክትሪክ ያሳልፋሉ፤ እንደ አንድ እናት ልጆች መልካቸው ይመሳሰላል፣ ጠባያቸው ግን ለየቅል ነው።

ከዚህ የሚብሰው ሶዲየም ነው። ቁጥሩ 11፣ ድርቦቹ 2፣ 8፣ 1። እሱም እንደ ወርቅ ከውጭ አንዲት ኤሌክትሮን ብቻ አለው፤ ሆኖም በሠንጠረዡ ግራ ጠርዝ ላይ ነው ያለው። ለምን አንድ ላይ አልተቀመጡም? ሁለቱንም በሐሳብሽ ጣና ውስጥ ጣያቸው። ሶዲየሙ በውኃው ላይ ተንሳፍፎ እየፏጨ ይራወጣል፣ ሃይድሮጅን ያወጣል፣ ሊቀጣጠልም ይችላል፤ ብረትነቱ አልቆ ከውኃው ጋር ይቀላቀላል። የወርቅ ቀለበቱ ግን ይሰምጣል፤ ከመቶ ዓመት በኋላ በመረብ ቢወጣ ጭቃውን ማጠብ ብቻ ነው። ልዩነቱ ያለው ከውጪኛዋ ኤሌክትሮን ሥር ነው። የሶዲየም ውስጠኛው 8 በደንብ ይጋርዳታል፤ ኒውክለሱ አጥብቆ ስለማይዛት ለጠየቃት ሁሉ ትሄዳለች። የወርቅ 18ቱ ግን ጥሩ መጋረጃ አይደሉም፤ የ79ኙ ፕሮቶን ስበት ዘልቆ ይደርሳታል። እሷን ከወርቅ ለመንጠቅ የሚያስፈልገው ጉልበት ከሶዲየም ሁለት እጥፍ ሊሆን ትንሽ ነው የሚቀረው። በአንጻሩ ክሎሪን፣ 2፣ 8፣ 7፣ አንዲት ጎድላው የሚጠብቅ ነው፤ ሶዲየም ያቺኑ ሲሰጠው ጨው ይሆናል። አያቶቻችን እንደ ገንዘብ ይመነዝሩት የነበረው የአፋሩ አሞሌ ከዚህች ከአንዲት ኤሌክትሮን ርክክብ የተሠራ ነው።

ይህን ሁሉ የደረደረው ዲሚትሪ ሜንዴሌቭ የሚባል ሩሲያዊ ነው፤ በ1869። የሚገርመው ያኔ ፕሮቶን የሚባል ነገር አያውቅም፤ የታወቁትም ንጥረ ነገሮች 63 ብቻ ነበሩ። በክብደትና በጠባይ ደረደራቸው፣ የማይገጥም ሲሆንበት ባዶ ቦታ ተወ፣ ባዶው ውስጥ የሚገባው ምን እንደሚመስልም አስቀድሞ ጻፈ። በ1875 አንድ ፈረንሳዊ ጋሊየምን አገኘ፤ መዝኖም ከውኃ 4.7 እጥፍ ይከብዳል አለ። ሜንዴሌቭ ብረቱን በዓይኑ ሳያይ ከሩቅ ሆኖ ልክ አይደለም፣ ወደ 5.9 መሆን አለበት አለ። ፈረንሳዊው እንደገና አንጥሮ መዘነው፤ 5.9 ሆነ። ለእኔ ከታሪኩ ሁሉ ይህ ይበልጥብኛል። ወርቅ ይዞ የሚመጣ ሰው ሚዛኔን ሲጠራጠር አይቻለሁ፤ ዕቃውን ያላየ ሰው የባለ ሚዛኑን ስህተት ሲነግረው ግን አላየሁም። ጋሊየም ደግሞ በ30 ዲግሪ ገደማ ይቀልጣል፤ በሚያዝያ ቀትር እዚህ ሱቄ ጠረጴዛ ላይ ብተወው ያለ ከሰል ሊፈስብኝ ይችላል።

የሜንዴሌቭ አሠራር አንድ ቦታ ይቆረቁረው ነበር። ቴሉሪየም ከአዮዲን ይከብዳል፤ በጠባይ ግን ከአዮዲን መቅደም አለበት። እሱ ጠባዩን አምኖ ቴሉሪየምን አስቀደመ። ትክክል መሆኑን ያረጋገጠው ሄንሪ ሞዝሊ የሚባል ወጣት እንግሊዛዊ ነው፤ በ1913 ከብረቶች የሚወጣውን ኤክስሬይ ለክቶ እያንዳንዱ ንጥረ ነገር የራሱ ቁጥር እንዳለው፣ ቁጥሩም የኒውክለሱ ቻርጅ፣ ማለት የፕሮቶኑ ብዛት፣ እንደሆነ አሳየ። ቴሉሪየም 52፣ አዮዲን 53። ሞዝሊ ከሁለት ዓመት በኋላ በጋሊፖሊ ጦርነት ሞተ፤ 27 ዓመቱ ነበር። አዮዲን ያልሁሽ ያው ከጨው ጋር የሚቀላቀለው፣ ለእንቅርት የሚረዳው ነው፤ የእናትሽ እናት አንገታቸው ላይ የነበረውን ታስታውሺያለሽ።

ለፈተናው የመጀመሪያዎቹን 20 እና የረድፎቹን ርዝመት ያዢ፤ የቀሩትን ሠንጠረዡን እያየሽ ቁጠሪያቸው። መምህርሽ 118ቱንም በቃል ካሉ ግን ምን አደርግልሻለሁ፣ ያዢያቸው።

ከበርበሬው ጋር በወረቀት የተጠቀለሉ ሁለት ትናንሽ ፍሬዎች አሉ። አንዱን ከመዳብ፣ አንዱን ከዚያው ከጠገራው ትራፊ አቅልጬ ያንጠባጠብኋቸው ናቸው፤ የብሩን ሴትዮዋ ፈቅደውልኛል። ሦስተኛውን ለገና ስትመጪ ከታችኛው መሳቢያ አውጥቼ አሳይሻለሁ፤ ወርቅ በመንገድ አይላክም። ሁለቱን በክር አንጠልጥለሽ ከአክስትሽ ማድ ቤት መስኮት ላይ እሰሪያቸውና የትኛው ቀድሞ እንደሚጠቁር፣ በስንተኛው ቀን እንደሆነም ጽፈሽ ላኪልኝ።

አባትሽ